በሦስት ቁጥር ክፍል የነበረው አቦሸማኔ አልነበረም

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ቁልፌ» ተብሎ የሚጠራ (ሙሉ ስሙ ከመዝገቡ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ይገኛል)
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ በአራዊት ማቆያ፣ የድመት ዘር አራዊት ክፍል አንጋፋ ተንከባካቢ
አድራሻ፦ ከማቆያው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ቤት ቁጥር 7
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ሳጅን

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደዚህ ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው። ያን ዕለት «አደጋው ሲደርስ ስጋ ማዘጋጃው ውስጥ ስጋ እየመዘንኩ ስለነበር መዝጊያውን ማን እንደከፈተው አላየሁም» ብያለሁ። ስጋ ማዘጋጃው ውስጥ አልነበርኩም። መዝጊያው እንዲከፈት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ታስራ የምትገኘው የሥራ ባልደረባዬ፣ እኛ «ፉጨት» የምንላት፣ «ደንቡን ጥሼ ብቻዬን ከፈትኩ» ብላ የሰጠችው ቃልም ውሸት ነው። እሷ የዋሸችው ለእኔ ስትል ነው፤ እኔም የዋሸሁት ለራሴ ስል ነው። ሳጅኑ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ስለጠየቀኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በማቆያው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ አውሬዎቹን ማብላት፣ ክፍላቸውን ማጽዳት፣ ወደ ውጭ ማውጣትና መልሶ ማስገባት ነው። ጎብኚ ሲመጣ የቱ ነብር የቱ አቦሸማኔ እንደሆነ ለይቼ የማስረዳውም እኔ ነኝ። ሰው ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካየ ሁሉንም ነብር ይለዋል። አነሯን እንኳ፣ ያቺን ከድመት ብዙም የማትበልጠውን ባለ ትልልቅ ጆሮ፣ የነብር ልጅ ናት ብሎ ከእኔ ጋር የሚከራከር አይጠፋም። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አቦሸማኔውን «ሴቷ ነብር» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼ መጥረጊያዬን ጥዬ ወጥቼ እሱንም አብሬ አስተምሬዋለሁ።

የአቦሸማኔ ነጠብጣብ ጣት ቀለም ውስጥ ነክረው የነኩት ይመስል ድፍን ነው። የነብር ግን ዙሪያው ጥቁር፣ መሐሉ ክፍት ነው። አቦሸማኔ ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ የሚወርድ እንደ እንባ ያለ ጥቁር መስመር አለው፤ ነብር ይህ የለውም። አቦሸማኔ ወገበ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ሲሆን ነብር አንገቱ የደነደነ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነው። ነብር ጥፍሩን ደብቆ ይሄዳል፤ አቦሸማኔ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ መሰብሰብ ስለማይችል እርጥብ መሬት ላይ ሲረግጥ ጥፍሩ ይታያል። ዛፍ ላይ መዋል የሚወደው ነብር ነው። ድምፃቸውም አይገናኝም። አቦሸማኔ ደስ ሲለው እንደ ቤት ድመት ኩርር ይላል፣ ሲጣራ ደግሞ እንደ ወፍ ነው። ነብር ኩርር አይልም፤ ድምፁ እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ ያለው ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ልዩነቱን ባለማወቅ እንዳልተሳሳትኩ እንዲመዘገብልኝ ነው። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም እመልሳለሁ። የተሳሳትኩት ዓይኔ ስለማያይ ነው።

ዓይኔ መድከም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ጭስ የሞላበት ቤት ውስጥ ያለሁ ያህል ነበር። ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ የሰው መልክ አይለይልኝም። ረጅም፣ አጭር፣ ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ልብስ፣ ከዚህ ያለፈ የለም። የዓይን ሐኪም ዘንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሄጃለሁ። ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ እንደጋረዳቸው፣ የግራው ደግሞ ከሞራው ሌላ ከበስተኋላው ችግር እንዳለበት፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልኝ እንደሚብስ ነገረኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ልብሴ ሥር ከተትኩት። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ከአውሬዎቹ ለይተው በር ላይ ቲኬት ያስቆርጡኛል ብዬ ፈራሁ። ቲኬት ለመቁረጥም ዓይን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

እንዴት ተደብቄ እንደኖርኩ ስጠየቅ፣ በእርምጃ ቆጠራና በጆሮ ነው ብዬ መልሻለሁ። ከመኖሪያ ቤቴ እስከ ማቆያው የሠራተኞች በር ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ከበሩ እስከ ስጋ ማዘጋጃው ሃምሳ ሁለት። ሰውንም በድምፁና በአካሄዱ እለያለሁ። ፉጨትን ገና ሳትደርስ ነው የማውቃት፤ ስትሠራ ታፏጫለች፣ የላስቲክ ቡትሷ ይንጫጫል፣ ወገቧ ላይ ያለው የቁልፍ ዘለላ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል። አውሬዎቹንም እንዲሁ ነበር።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ባዶ ክፍል ፊት ቆሜ ለአንበሳው ሰላምታ ስሰጥ አገኘችኝ። አንበሳው ከወጣ ሰዓት አልፎት ነበር። አልሳቀችብኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአሥራ አራት ወር፣ ጠዋት ጠዋት መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ የተጻፈውን፣ የትኛው አውሬ በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ ቀድማኝ ታነብና ቀስ ብላ ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ አንባቢ መስዬ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። የዕለት መዝገቡንም በእኔ የእጅ ጽሑፍ አስመስላ የሞላችው እሷ ናት። መዝገቡ ይመርመር። የእኔ «መ» ሆዷ ክፍት ነው፤ የእሷ ግን ዝግ ነው። ወደ ክፍሎቹ መተላለፊያ ስንገባ አንዲት ደረጃ አለች፤ ሁለት ጊዜ ወድቄባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ፉጨት እዚያ ስንደርስ ፉጨቷን ታቋርጥና «ጋሼ፣ ደረጃ አለ» ትለኛለች። ሰው በአቅራቢያ ካለ ለራሷ የምታወራ አስመስላ ነው የምትለው።

አደጋው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ እቃ ስናጥብ ተጣላን። «ጋሼ፣ ወይ ታክመህ ና፣ ወይ እኔ ራሴ ለኃላፊው እነግራለሁ። አንድ ቀን ሰው ታስበላለህ» አለችኝ። እኔም «ትናንት መጥረጊያ አያያዝ ያስተማርኩሽ ልጅ ዛሬ ልትመክሪኝ ነው?» አልኳት። ሌላም ክፉ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ሳጅኑ ካላስገደደኝ አልደግመውም። ሳጅኑ አላስገደደኝም።

ሰኞ የሁለታችንም የዕረፍት ቀን ነው። ያን ሰኞ ሁለት ቁጥር ክፍል ቀለም ይቀባ ስለነበር ተተኪው ሠራተኛ በዚያ የነበረችውን ነብር ወደ ሦስት፣ በሦስት የነበረውን አቦሸማኔ ደግሞ ወደ አራት አዛውሮ ይህንኑ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈ። እሱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ምንም ጥፋት የለበትም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ አውሬዎቹ ቤት አሠራር ማስረዳት አለብኝ። አምስት ክፍሎች በአንድ ረድፍ አሉ። ከፊት ለፊታቸው ሠራተኛ የሚመላለስበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። በየክፍሉ የፊት በር ላይ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነች ትንሽ መስኮት አለች። ከበስተጀርባ ደግሞ ወደ ትንሿ ግቢ የሚያስወጣ፣ ወደ ላይ የሚሳብ የብረት መዝጊያ አለ። መዝጊያዎቹ የሚሳቡት በመተላለፊያው ጥግ በኩል በሽቦ ገመድ ነው፤ ገመዱን የሚስበው ሰው በክፍሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አይችልም። ስለዚህ ደንብ አለን። አንዱ በመስኮቷ አይቶ የአውሬውን ስምና የክፍሉን ቁጥር ይጠራል፤ ገመዱ ዘንድ ያለው ይደግማል፤ «ሳብ» ሲባል ይስባል። ይህን ደንብ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያወጣሁት እኔው ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን የማስተምረውም ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ50 ላይ ማቆያው ደረስኩ። ፉጨት ቀድማኝ መግቢያው ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ እንዴት አደርክ? ሰሌዳውን ልይልህ» አለችኝ። ኩርፊያዬ አልወጣልኝም ነበር። «ዓይን አለኝ፤ አንቺ ገመዱ ጋ ሂጂ፣ ዶክተሩ እየጠበቀ ነው» አልኳት። እኔም ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ጥቁር ነገር ላይ ነጭ ነጭ ነገር ታየኝ፤ ቅዳሜም የታየኝ ያው ነው፣ ያለፈው ወርም የታየኝ ያው ነው። «ሁሉም እንደነበረ ነው» ብዬ ተናገርኩ። እሷም ዳግም ልትጣላኝ ስላልፈለገች ሰሌዳውን ሳታይ ሄደች። ያን ጠዋት አላፏጨችም። ደረጃውን ብቻዬን በእግሬ እየፈለግሁ ወረድኩት።

ዶክተሩ የማቆያው የእንስሳት ሐኪም ነው። ያን ዕለት የመጣው የአቦሸማኔውን የግራ የፊት እግር ለማየት ነበር፤ ጥፍሩ ተሰብሮ ቆስሎበት ነበር። ይህ አቦሸማኔ በጡጦ ያደገ ነው፤ ካልታሸ የማይበላ ቅምጥል ስለሆነ «ጌታው» ብለን እንጠራዋለን። ዶክተሩ ሁልጊዜ ወደ ጌታው የሚገባው ያለ ምንም መከላከያ ነው። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ የመድኃኒት ሣጥኑን እግሩ ሥር ያደርጋል፣ ጌታው መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ለሌላ አውሬ እንዲህ ማድረግ ክልክል ነው፤ ለእሱ ግን ማንም ደንብ አላወጣም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ በሦስት ቁጥር መስኮት ላይ ቆምኩ። ቢጫ ነገር፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቆሞ ወደ እኔ የዞረ አውሬ ታየኝ። ይህች ነብር ገና ዓመት ከመንፈቋ ናት፤ ቀጭን ስለሆነች ደህና ዓይን ያለውን ሰው እንኳ ለአፍታ ልታሳስት ትችላለች። ለአፍታ ብቻ ነው። እኔ ግን እንደለመድኩት «ጌታው» ብዬ ተጣራሁ። ኩርርታው መጣ። በጣም ቅርብ ነበር። ቀለም ቀቢው ሽታው እንዲወጣ በክፍሎቹ መሐል ያሉትን የአየር ማስገቢያ ክዳኖች ከፍቷቸው ነበር፤ ጌታው ከአራት ቁጥር ሆኖ መለሰልኝ፣ እኔ ከፊቴ ያለው የመለሰልኝ መሰለኝ። ዓይኔ ያላረጋገጠውን ጆሮዬ አረጋገጠልኝ ብዬ ተማመንኩ።

«አቦሸማኔ፣ ሦስት» ብዬ ጠራሁ። ፉጨት አልደገመችም። «ጋሼ፣ አይተኸዋል?» አለችኝ። «አቦሸማኔ፣ ሦስት» አልኩ። «እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፤ በዓይንህ አይተኸዋል ወይ?» አለችኝ። ዶክተሩ በግድግዳው ማዶ የሚሰማ ስለመሰለኝ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። «ከእኔ በላይ አወቅሽ? ሳቢ!» ብዬ ጮህኩባት። ሁለት ጊዜ እንደጠየቀችኝና ሁለት ጊዜም እንደዋሸኋት በዚህ ቃሌ ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ። እሷም «አቦሸማኔ፣ ሦስት» ብላ ደገመችና ሳበች።

መዝጊያው ሲወጣ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ የዶክተሩ ድምፅ መጣ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስረዳኝ ዓይነት፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነብር ነው» አለ። ከዚያ በርጩማው ሲገለበጥ ሰማሁ።

ፉጨት ገመዱን ለቃ በአጠገቤ ስትሮጥ ትከሻዋ ትከሻዬን ገጨኝ። የማጽጃውን የውኃ ጎማ ይዛ ብቻዋን ወደ ግቢው ገባች። እኔ የአደጋ ደወሉን ልደውል ፈለግሁ። ከሦስት ቁጥር እስከ ደወሉ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፤ ቆጠራው ጠፋኝ። ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ወደ አንድ በኩል ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ደወሉን አላገኘሁትም። ሰዎች የመጡት የፉጨትን ጩኸት ሰምተው ነው። ነብሯ ውኃው ሲመታት ዶክተሩን ለቅቃ ግቢው ጥግ ያለው ዛፍ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እሷም ፈርታ ነበር፤ በማታውቀው ቦታ ስታድር የመጀመሪያዋ ሌሊት ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ በነብሯ ላይ እርምጃ እንዳይወሰድ ለማመልከት እፈልጋለሁ። ዶክተሩ አንገቱ ሥር፣ ትከሻውና ቀኝ እጁ ላይ መጎዳቱን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እኔ ያየሁት ነጭ ልብስ ቀይ ሆኖ ነው።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ፉጨት ወደ ቆምኩበት መጣች። ትንፋሿ አልተመለሰም ነበር። ክንዴን ይዛ «አንተ ስጋ ማዘጋጃው ውስጥ ነበርክ። ሰማኸኝ? ስጋ እየመዘንክ ነበር» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። የእኔ ጥፋት መዝጊያው ላይ ብቻ ቢሆን ስህተት ሊባል ይችል ነበር። «እሺ» ያልኩት ግን አውቄ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስጠየቅ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፉጨት እንደታሰረች፣ እኔም የውሸት ቃሌን ሰጥቼ ወደ ቤቴ እንደሄድኩ ገልጫለሁ። ፉጨት የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ሌላ ዘመድ ስለሌላቸው ባለቤቴ ልጅቷን ወደ ቤታችን አመጣቻት። ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ወረቀት ላይ ስትስል ቆይታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና «ምንድን ነው?» አለችኝ። ቢጫ ነገር ነበር፤ ነጠብጣብ ያለው መሰለኝ። «ነብር ናት» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እማ ናት እኮ! ቢጫ ሹራቧን ለብሳ» አለች። ቀጥላ እማ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ነበር። ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ «ዓይንህ ባያይ እሺ። ጆሮህም አልሰማም?» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት የሐኪሙን ወረቀት ከሣጥን አውጥታ በኮቴ ኪስ ውስጥ ከትታልኝ አገኘሁት። ወረቀቱን ለሳጅኑ አስረክቤአለሁ።

በዚህ ጊዜ ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ ቃሌን እንደማያምን ነገረኝ። ወረቀቱ የቆየ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ታክሜ ሊሆን እንደሚችል ገለጸልኝ። «አባት፣ ማክሰኞም ዛሬም ያለ ከዘራ ገብተው፣ ማንም ሳይመራዎት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሲፈርሙም አይቻለሁ። ለሴትየዋ አዝነው ነው የመጡት» አለኝ። ማክሰኞ ከበሩ እስከ ወንበሩ ዘጠኝ እርምጃ እንደቆጠርኩ፣ ወንበሩ ደግሞ ሲቀመጡበት የሚንቋቋ ስለሆነ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲነሳ ቦታውን በድምፁ እንዳወቅሁት አስረዳሁት። ለመፈረምም ዓይን አልፈለገኝም፤ ራሱ ሳጅኑ ጣቱን ወረቀቱ ላይ መታ መታ አድርጎ «እዚህ» ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አያለሁ ብዬ ሰውን ሁሉ አሳመንኩ፤ አላይም ብዬ ግን አንድ ሰው ማሳመን አቃተኝ። እንደማላይ ካላመነኝ እሷ እስር ቤት ልትቀር ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ55 ላይ ሳጅኑ ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ከእሱ ጋር ሌላ ሰው በነጠላ ጫማ ገብቶ ከጎኔ በስተቀኝ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀሚስ የለበሰች ሴት መሆኗ ብቻ ታየኝ፤ የጽሕፈት ሠራተኛ መሰለችኝ። ሳጅኑም ማን እንደሆነች አልነገረኝም። ቃሌን እንድቀጥል ጠየቀኝ። ከመስኮቱ ቀዝቃዛ አየር ይገባ ስለነበር «እህቴ፣ እባክሽ ያንን መስኮት ዝጊልኝ» አልኳት። ተነስታ ዘጋችልኝ። አመሰገንኳት።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ስጠየቅ እንደሚከተለው ጨምሬአለሁ። ፉጨት ጥፋት አለባት ከተባለ ያለባት አንድ ጥፋት ነው፤ ስለ ዓይኔ እያወቀች ዝም ማለቷ። ይህንንም የለመንኳት እኔ ነኝ። ስትነግረኝ ተቆጣሁ፣ ስትጠይቀኝ ዋሸሁ፣ ስትታሰር ዝም አልኩ። ወደ ግቢው የገባችው እሷ ናት፤ ዶክተሩ በሕይወት ካለ በእሷ ነው። ዶክተሩ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና እንደገባ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም፣ ልቤም እዚያው ነው ያለው። ፉጨት እዚህ መምጣቴን አታውቅም። ብታውቅ ትከለክለኝ ነበር። ልጇ ትናንት ማታ እራቷን በልታለች፣ ሲነጋም ደህና ነበረች፤ ይህ መልእክት እንዲደርሳት ሳጅኑን አደራ እላለሁ። እኔ ፊቷ ቆሜ ለመናገር አፍራለሁ። ይህን ስናገር የጽሕፈት ሠራተኛዋ ጉንፋን የያዛት ይመስል አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

ይህ ቃል የእኔ ነው። ማክሰኞ ከሰጠሁት የሚለይበት ሁሉ ይኼኛው እውነት፣ ያኛው ሐሰት መሆኑን አረጋግጣለሁ። በሐሰት ቃሌም በመዝጊያውም ሊመጣብኝ የሚችለውን ተረድቻለሁ። በቅጹ ላይ «አንብቤ ፈርሜአለሁ» የሚለው ተሰርዞ «ተነብቦልኝ ፈርሜአለሁ» እንዲባል ጠይቄ ተሰርዞልኛል።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የሳጅኑ ማስታወሻ፦ ከ4 ሰዓት ከ55 ጀምሮ ቃሉ ተነብቦ እስኪያልቅ ድረስ ከምስክሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ የተቀመጠችው ሴት የጽሕፈት ሠራተኛ ሳትሆን በዚህ መዝገብ የታሰረችው ተጠርጣሪ ናት። የምስክሩን የማየት ችሎታ ለማረጋገጥ ሲባል ያስገባኋት እኔ ስሆን ቡትሷና ቁልፎቿ በእስረኞች ዕቃ ማስቀመጫ የሚገኙ በመሆኑ በጣቢያው ነጠላ ጫማ ነው የገባችው፤ ድምፅ እንዳታሰማም ታዝዛለች። ምስክሩ ሦስት ጊዜ ያህል ፊቱን ወደ እሷ ቢያዞርም አላወቃትም። ከሆስፒታሉ በስልክ እንደተገለጸልኝ ተጎጂው ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነቅቷል። መዝገቡ፣ የሐኪሙ ወረቀትና የማቆያው የዕለት መዝገብ ተጠርጣሪዋ እንድትለቀቅ ከሚል አስተያየት ጋር ለኃላፊ ቀርቧል።

ምስክሩ ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ በ5 ሰዓት ከ40 ላይ ተነሳ። ሲገባ በዋናው በር ስለነበር የቆጠረው እሱን ነው፤ እኔ ግን ዋናው በር ባለጉዳይ ስለበዛበት በጎን በኩል ወዳለው በር በድምፄ መራሁት። በሩ ላይ ሲደርስ ተጠርጣሪዋ የተሰጣትን ትእዛዝ ጥሳ ካለችበት ሳትነሳ ተናገረች። የተናገረችው ቃል በሙሉ የሚከተለው ነው፦ «ጋሼ፣ ደረጃ አለ።» ምስክሩ በሩን ይዞ ቆመ፤ እስከ 5 ሰዓት ከ55 ድረስ አልወጣም።